የጠፉት ቀይ ሳጥኖች

«የቤት ሌባ ሲገባ ውሻ አይጮኽም» ይሉ ነበር የአቶ ገሠሠ አባት። ዘንድሮ አቶ ገሠሠ ይህችን አባባል በቀን አሥር ጊዜ ያመላልሷት ጀመር።

አዳማ ካለው መጋዘናቸው የቲማቲም ሳጥን እየጠፋ ነው። ቀዮቹን ሳጥኖች ከመቂ እስከ ቡልቡላ ላሉ ገበሬዎች ያከራያሉ። ከሦስት ሺሁ ስድስት መቶው የለም። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም፤ ውሻውም አንድ ቀን አልጮኸም። ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ እሳቸውና መጋዘን ያዡ ጫምሳ ብቻ ናቸው። ቲማቲሙ ሊለቀም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሳጥን ካልደረሰ ገበሬው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ቡልቡላ ውስጥ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት የተነሳው የአርባ ዓመት ሥራም አበቃለት።

«አምላኬ ሆይ፣ ሌባውን አሳየኝ» እያሉ ጸለዩ። «ሌላ አልጠይቅህም።»

አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ገሤ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው። የምትደግመው የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ነው።»

«የተዘረፈ ሰው ቀን ይቆጥራል?» ብለው ተቆጡ።

በዘመድ ምክር ሃዊን አስጠሩ። ሃዊ ለድርጅቶች የመረጃ ሥርዓት ስትራቴጂ የምትነድፍ ባለሙያ ናት።

«ኮምፒውተሩን ግዥና ሌባውን አሳይኝ፣ ልጄ።»

«ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ልይ። የወጣው ሳጥን የት ይጻፋል?»

«ምን ይጻፋል? ጫምሳም እኔም በቃላችን ነው የምንይዘው።»

ጫምሳ ሳቀ። «ከኮምፒውተርሽ እኛ እንሻላለን። መብራት ሲጠፋ አንጠፋም።»

«ቅዳሜስ ማን ይገባል?»

«ማንም» አሉ አቶ ገሠሠ። «ቅዳሜ እሱ ያርፋል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን እውላለሁ።»

ሃዊ ሳምንት ሙሉ ሠራተኛውን ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበተችና ስትራቴጂውን አሥራ ሁለት ገጽ አድርጋ አመጣች። አቶ ገሠሠ ከአራተኛ ክፍል አላለፉምና አነበበችላቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድምጿ ቀነሰ።

«ትልቁ አደጋ፣ የድርጅቱ መረጃ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው።»

«ጫምሳን ማለትሽ ነው?»

ሃዊ ገጹን ገለጠች። ሳጥን ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ሲወጣም ሲገባም በስልክ ይመዘገባል። «እስቲ በትንሹ እንሞክረው ጋሼ» አለች።

ለሙከራ አምስት ሳጥኖች ውስጥ፣ ያሉበትን ቦታ ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ደበቀች። ሰኞ ዕለት ስልኳን አሳየቻቸው። ሦስቱ ቅዳሜ ተነስተው ቡልቡላ ገብተዋል።

ጫምሳ የቡልቡላ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሱት አቶ ገሠሠ ናቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረን በልተን!» ብለው መጋዘኑ በር ላይ ጮኹበት።

ጫምሳ ነጭ አቧራ የለበሰውን የአቶ ገሠሠን ፒካፕ አየት አደረገ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«ይሁን ጋሼ። እኔ ወሰድኩት ይበሉ።»

«ቁልፉን አምጣ!»

«ቁልፉን ለእትዬ ዘውድነሽ ነው የምሰጠው። ዋቃዮ ያውቃል።»

ከሌብነቱ ይልቅ ይህ ንቀት አንገበገባቸው። ያኔውኑ አባረሩት።

በማግሥቱ ሃዊን ይዘው ወደ ቡልቡላ ነዱ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። «ምነው እሱ ባልሆነ» አሉ አንዴ። ሃዊ ስልኳ ላይ መንገዱን ትከታተላለች። ቡልቡላ ሲደርሱ «አሁን በቀኝ» ከማለቷ በፊት መሪውን አዙረውት ነበር።

ነጭ አቧራ የለበሰው የግቢ በር ገርበብ ብሏል። ከአንዲት የዛገች ቆርቆሮ ቤት ጎን ቀያዮቹ ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። አንድ ትልቅ ውሻ ከጥላው ተነስቶ፣ ጅራቱን እየቆላ ወደ አቶ ገሠሠ መጣ። አልጮኸም።

ከቤቱ ውስጥ፣ በዕድሜያቸው አይተዋት የማያስታውሷት ሴት በርጩማ ይዛ፣ እየሳቀች ወጣች።

«እንዴ አባባ ገሠሠ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ አይደለም! ደግሞ ምነው ሳጥን ሳይጭኑ መጡ?»