ዝም ያለችው እናት

«ይኼ መስመር የቅጣት ማቅለያ ነው» አለ ወጣቱ ባለሙያ ኃይለየሱስ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ሰንጠረዥ እያሳየ። «የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ፣ የጥፋተኛው ቅጣት ዝቅ ይላል።»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ኢፍቱ እጇን አወጣች።

የቅጣት መመሪያ የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት አዲሱን ረቂቅ ይዞ አዳማ የመጣው ሕዝቡ ምን እንደሚል ለመስማት ነበር። የሆቴሉን አዳራሽ የሞሉት ግን ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ጠበቆች ናቸው። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«የሟች ቤተሰብ እኔ ነኝ» አለች። «የገዳይም ቤተሰብ እኔው ነኝ።»

ኃይለየሱስ ግራ ገባው። «ቢያብራሩልን?»

«የልጄ አባት ዲበኩሉ ሾፌር ነው። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ያደረውን አይሱዙ ጠዋት ከግቢ ወደ ኋላ ሲያወጣ፣ ልጄ ልዩ ከኋላ ነበረች። ጫማዋን ልታነሳ ጎንበስ ብላ። አራት ዓመቷ ነበር።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፍርድ ቤት ጠሩኝ። ዳኛው ‹ይቅር ብለሽዋል ወይ?› አሉኝ። ያን ሰሞን እንኳን እሱን፣ የተሰቀለ ሸሚዙን ሳይ ያመኝ ነበር። አፌን ያዘኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቴም ዝም አልኩ። እሱ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ‹ጌታዬ፣ እባክዎ አያስጨንቋት› አለ።»

ጎኗ የነበረ ጠበቃ ውሃ አቀበላት። ሳትጠጣው ጨብጣው ቆመች።

«አምስት ዓመት ፈረዱበት። ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኩትም። አሁን... ዘግይቶ ይቅር ያለ ሰውስ? ለሱ ምን ጽፋችኋል?»

ኃይለየሱስ ወደ ሰንጠረዡ ዞረ። ራሱ ያዘጋጀውን እንደ እንግዳ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«እህቴ፣ ማቅለያው የሚታየው ከፍርዱ በፊት ነው። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ...»

«አይሠራም።»

«አይሠራም» አለ ቀስ ብሎ።

ራሷን ነቀነቀች። «ይሁን። ለሚቀጥለው ሰው ግን ጻፉልኝ። ዝም ላለች እናት ዳኞቹ ሌላ ቀጠሮ ይስጧት። እኔ ዝም ያልኩት እምቢ ብዬ አልነበረም።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሊዲ አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች።

ኢፍቱ ስብሰባው ሳያልቅ ወጣች። ሆቴሉ በር ላይ ከቆሙት ባጃጆች ወደ አንዱ ገባች።

«ማረሚያ ቤት።»

«ጥየቃ ነው?» አለ ሾፌሩ። «ዛሬ ቀኑ ነው፣ ትደርሻለሽ። ማን አለሽ እዚያ?»

«ባለቤቴ።»

ጥቂት እንደሄዱ አስቆመችው። ባዶ እጇን መግባቱ አልሆነላትም። መንገድ ዳር የተቀመጠች ሙዝ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ዘርግታ ነበር፤ ጠንከር ያለና ነጠብጣብ የጣለ። ኢፍቱ እጇን ሰደደችና መለሰችው። የትኛውን እንደሚወድ ጠፋባት።