የማር ጣት

«ልጄ ልላት አልችልም» ትላለች ታንጉት፣ የወለደችኝ እናቴ። ዓይኗ ያረፈው ግን እኔ ላይ አይደለም፤ ያሳደገኝ አባቴ አምባው ላይ ነው። «እርስዎ በማር አጥብተዋታል። የጡት ልጅዎ ናት። እኔ እንግዳ ነኝ።»

ገለጉ ከተማ፣ ከቤቷ ደጅ ዳስ ሥር ተቀምጠናል። «ታንጉት የምትባል የደጋ ሴት ታውቃላችሁ?» እያልኩ ስንት የሰሊጥ ማሳ ዞሬ ያገኘኋት ሴት ናት። ያ ሁሉ ልፋት «ልጄ» ስትለኝ ለመስማት ነበር።

አባቴ መተማ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ የትራክተር ሹፌር ነበር። ታንጉት እኔን አዝላ ለአጨዳ መጥታ ወባ ጣላት፤ ጡቷም ደረቀ። አባቴ ተቀበለኝና አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባኝ። እንዲህ የጠባ ልጅ ወደ ወላጅህ ተመለስ አይባልም። እሷም ስትድን መብት የለኝም ብላ ትታኝ ሄደች። ሰው «የወለድካት አይደለችም» ሲለው አባቴ አውራ ጣቱን ቀስሮ ያሳያል። የሰፈሩ ልጆች በአባታቸው ከብት ሲኮሩ እኔ በአባቴ ጣት እኮራ ነበር። ዛሬም እኮራለሁ።

«ኧረ ታንጉት፣ በሞቴ!» ይላል አሁን። «በዚያ መንገድ የተንገላታሁት ልጅሽን ልነፍግሽ አይዶለም እኮ!»

«ወግ ወግ ነው፣ አያ አምባው።»

ግትር ናት። ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬ ገባኝ፤ ደስ አለኝ።

ለስጦታ ያመጣሁላትን ማር ከፍቼ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለሁ። «እንግዲያው አንቺም አጥቢኝ» እላታለሁ። ከመጣን ጀምሮ እርስዎ ስላት ነበር።

«ምነው አንቺ! የወለደች እናት በማር ታጠባለች እንዴ? ሰው ምን ይለናል!»

«ሰው ያለውን ይበል» ይላል አባቴ፣ ጋቢውን አስተካክሎ እንደ ሽማግሌ እየተቀመጠ። «ምስክሩ እኔ ነኝ።»

አውራ ጣቷ በሰሊጥ አጨዳ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁም ጠቁሯል። እኔ መተማ ጤና ጣቢያ ቀኑን ሙሉ «እጃችሁን ታጠቡ» ስል የምውል ነርስ ነኝ። ዛሬ ውሃ አልጠይቅም።

ጣቷን ማሩ ውስጥ ትነክራለች። ማር እያንጠባጠበ ወደ አፌ ይመጣል።

«ልጄ» ትላለች።

አፌ ሙሉ ነው፤ «አቤት» ማለት ያቅተኛል።