ሦስት ኩባያ

ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ፣ ኤርሊንግና ሚስቱ ሎርና ባሏ ከሞተባት ሴት ባለ አልጋና ባለ ወጥ ቤት አሮጌ መኪና ገዝተው በጋውን ሙሉ ዞሩበት። የእንዲህ ያለ መኪና የውሃ ፓምፕ በባትሪ ስለሚሠራ፣ የሚያጉረመርመው ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ነው። ይሄኛው ግን በየማለዳው፣ ሁለቱም ውጭ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ አንድ ኩባያ እስኪሞላ ያህል አጉረምርሞ ዝም ይላል።

«ይኸው፣ ሟቹን ውሃ ጠማው» ትላለች ሎርና።

«አንቺ ደግሞ! የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።»

ቧንቧውን ሦስቴ ፈቶ ገጠመ፤ የምታፈስ ቀዳዳ ግን አላገኘም።

ውርጭ ሲጀምር፣ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ በረዶ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቅበት ውሃውን አንጠፍጥፎ ደፋ። ባትሪውንም ነቅሎ ታቅፎት ወረደ።

«በይ፣ አሁን ይቅዳና እናያለን!» አላት እየሳቀ።

ከኋላው ፓምፑ አጉረመረመ።

ሎርና እቅፉ ውስጥ ያለውን ባትሪ አየች። «ኤርሊንግ፣ ቀስ ብለህ ወደኔ ና» አለችው።

ፓምፑ ቆመ፤ ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። እንደገና አጉረመረመ፤ ሁለተኛ ኩባያ ተቀመጠ። ሦስተኛው ሲቀመጥ፣ በሩ ከውስጥ በቀስታ ተከፈተላቸው።