የኒሙሌ ጭቃ

ፀደንያ የበረዶ ሳጥኑን በክርኗ ደግፋ የፍሪዘሩን ክዳን ስታነሳ የለመደችው ቅዝቃዜ ፊቷን አይነካትም። ውስጡ ባዶ ነው። ታጥቦ ደርቋል፤ በረኪና በረኪና ይላል።

«እንኳን ለፍልሰታ አደረሰሽ» ይላሉ እትዬ አረጋሽ፣ ከሚከትፉት ሽንኩርት ቀና ሳይሉ። በሰው አገር፣ አማራት ሰፈር ያለው የአጎቷ ሆቴል ወጥ ቤት የሳቸው ግዛት ነው። «ሥጋ ለማይገባበት ነገር ጄኔሬተር ምን ያደክማል ብዬ ፍሪዘሩን ነቀልኩት።»

«የኔ ብልቃጦችስ፣ እትዬ? ከታች በፌስታል የቋጠርኳቸው?»

«ምን በወጣኝ እጥላቸዋለሁ?» በቢላዋቸው ጫፍ መስኮቱን ያሳዩዋታል። ትንንሾቹ ብልቃጦች ወንፊት ላይ ተደፍተው በፀሐዩ ያብለጨልጫሉ። «አንድ በአንድ ከፍቼ ነው ያጠብኩልሽ። ጆሮ የተጠረገበት የመሰለ ጥጥ ነበረባቸው፣ እሱን ከቆሻሻው ጋር ሰደድኩት። የእንቁራሪት ነገር ከጾም ምግብ አጠገብ ይቀመጣል እንዴ? ደሞስ፣ በረኪና የማያጠፋው ነገር የለም ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

ብላለች። ቦት ጫማዋን ስትዘፈዝፍ አይተው ሲጠይቋት ነው የነገረቻቸው።

የበረዶ ሳጥኑን መሬት ታስቀምጠዋለች። ውስጡ ዛሬ ጠዋት ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር፣ ጅረቱ ዳር ከአለቃዋ ጋር ለወጥመድ ከቀበሯቸው ባልዲዎች የለቀመቻቸው እንቁራሪቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፌስታል። ሁሉም ሞተዋል። ዩኒቨርሲቲ የተማረችበት መመሪያ የተጻፈው ለሳላማንደር ነበር፤ እንሽላሊት ለሚመስል፣ ቆዳው ለማይደርቅ፣ በዚህ አገር ለሌለ እንስሳ። ቢሆንም ቃል በቃል ይዛዋለች። ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ጫማን በበረኪና ማጠብ።

የታጠቡት ብልቃጦች ይዘው የነበሩት እንቁራሪቶቹ ጤነኛ ሳሉ ከቆዳቸው የተጠረገውን ነው። እንቁራሪቶቹን የሚገድለው ፈንገስ ድሮም ጅረቱ ውስጥ ነበረ ወይስ እነሱ በፊት ከሠሩበት ከኒሙሌ ወንዝ በጫማቸው ይዘውት መጡ? ይህን የሚመልስ ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

«አጠፋሁ እንዴ?» የእትዬ አረጋሽ ቢላዋ ቆሟል። «ፀዲ፣ እኔን እይኝ። አጠፋሁ?»

ይሄኔ የጓሮው በር ይከፈታል። አለቃዋ ዶክተር ጋትሉዋክ ነው። ጋምቤላ ያደገ፣ አንቱ ሲሉት የሚስቅ።

«ኬፍ፣ እንዴት ነው ወጥ ቤቱ? ፀዲ፣ ሳጥኑን አምጪ እንጂ፤ ናሙናውን የሚጭነው አውሮፕላን የአጎትሽ መሰለሽ?»

«የመጀመሪያዎቹ ታጥበዋል» ትላለች። ድምፅዋ ከጄኔሬተሩ ጩኸት በላይ መውጣቱን እርግጠኛ አይደለችም። «በበረኪና።»

ወንፊቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እትዬ አረጋሽን ያያል። ከዚያ የሽንኩርት ጆንያው ላይ ይቀመጣል።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» ይላሉ እትዬ አረጋሽ። «እሷን እንዳትቆጣት። አልነገረችኝማ። ይቺ ልጅ ጨው አነሰኝ ለማለት እንኳ ሁለት ቀን ታስባለች።»



«ጅረቱ ላይ ውሃ የምትቀዳዋ ሴትዮ ዛሬ ምን እንዳለችኝ ሰምተሻል?» ይላል ዶክተር፣ ወለሉን እያየ።

ሰምታለች። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እንቁራሪቶቹ ማታ ማታ ይጮሁ ነበር ነው ያለችው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ጄሪካኗን ሞልታ ሄደች።

«መልስ እንዳለን ነግሬያት ነበር» ይላል። «እንግዲህ የሞቱትን እንልካለን። ፈንገሱ መኖሩን ያሳያሉ፤ ከማን እንደመጣ አያሳዩም። ኻላስ፣ አበቃ። ከእንግዲህ ማንም በኛ አያመካኝም።» ሳጥኑን አንስቶ ይወጣል። መኪናውን ሲያስነሳ ይሰማታል።

ፀደንያ ትተነፍሳለች። ረጅም ነው፣ ከሆዷ የወጣ። ትከሻዋ ሲወርድ ይታወቃታል፤ ከሸክም እንደተገላገለ ሰው። እፎይታ መሆኑን ስታውቅ ትደነግጣለች።

«ውሃ ልስጥሽ፣ ልጄ? ፊትሽ ሌላ ሆነ።»

«አይ፣ እትዬ። ያ የተቀደደው ቦት ጫማዬ አለ?»

«የትኛው? ያ ከኒሙሌ አድርገሽው የመጣሽው? ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ነው። ጣይው ብልሽ እንቢ አልሽኝ እኮ።»

ከኒሙሌ በተመለሱ ማግስት፣ ጅረቱ ጋ ሳይደርሱ ገና ዳገቱ ላይ ነበር የተሰነጠቀው። የጅረቱ ውሃ አልነካውም። በሌላ ቦት ነው የገባችው። ሁለቱንም ግን ወደ ጅረቱ ከመሄዷ በፊት ያጠበቻቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ባልዲ፣ በዚያው እጇ ነው።

ከታንከሩ ጀርባ ትንበረከካለች። ቦቱን ገልብጣ ሶሉን በጥፍሯ ትጭረዋለች። ከጥርሶቹ መሃል፣ ብሩሹ ካልደረሰበት፣ የኒሙሌ ቀይ ጭቃ ይፈረፈራል። ፈንገሱ እዚህ ውስጥ ከተገኘ እጥበቷ አላጠፋውም ማለት ነው፤ ወደ ጅረቱ ያመጡትም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

መኪናው ገና በር ላይ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ዘበኛው እንዲከፍትለት።

ከቦርሳዋ አዲስ ጓንት ታወጣለች፤ በሁለቱም እጇ። አዲስ ብልቃጥ። ጥጡን ከመጠቅለያው ትስበዋለች። እንቁራሪት ሆድ ላይ እንደምታደርገው ቀስ ብላ፣ ሳትጫን፣ እያዟዟረች፣ የገዛ ጫማዋን ሶል ትጠርጋለች።