ሂና የሸፈነው መብራት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ላንቺ ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው! እናቴ፣ ኡሚ፣ ዜግነት አገኘች። ከየመን ድሬዳዋ ከገባን አስራ አንድ ዓመታችን አይደል? ባለፈው ሰኞ አስምለዋት ዜጋ ሁሉ መዳፉ ውስጥ የምትበራለትን ያቺን አረንጓዴ መብራት አበሩላት። እኔ እልል ስል እሷ ቤት እንደገባን በሩን ቆለፈችና "ሂና በጥብጪልኝ፣ ወፍራም አድርጊው" አለችኝ።

"ለደስታው ነው?"

"የምን ደስታ! ለዜጋ እጥፍ ደሞዝ መክፈል ግዴታ ነው። የምሰራበት ስፌት ቤት ውስጥ መብራታቸው የታየባቸው ሦስት ሴቶች በማግስቱ ተባረሩ።"

መዳፏ እስኪጠቁር ሦስቴ ደራርቤ ቀባኋት። ሂናው እንዳይለቅ እራቷን ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንደዚሁ ነው።

ዛሬ ጭንቀቱ ሲብስብኝ ለክፍሌ ልጅ ለቤዛዊት ሁሉን ዘረገፍኩላት። የስፌት ቤቱ ባለቤት አባቷ መሆኑ ትዝ ያለኝ ለፍልፌ ስጨርስ ነው! "ቤዚዬ በናትሽ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው" ብዬ ለመንኳት።

ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ቃል በቃል ልንገርሽ፦ "አባዬ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። ዝም ያለው እናትሽ በድሮው ደሞዝ ስለምትሰራለት ነው።"