የባንኮኒው ቁመት

አዲሱን ወጥ ቤት የሚሠራው አናጢ ሜትሩን ዘርግቶ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ አስካለ፣ ባንኮኒውን ይህን ያህል ከፍ ካደረግሁት ሽንኩርት ሲከትፉ ትከሻዎ ይዝልብዎታል።»

«አንተ ያልኩህን ሥራ» አሉት፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው።

ሁሉ ነገራቸው እንዲህ ነበር። እንጨቱ ዘመን የማይሽረው ዋንዛ ይሁን አሉ። የቁም ሣጥኑ በር መስታወት ይሁን፣ ጨውና ስኳሩ ከውጭ ይለይ አሉ። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ጠረጴዛ አሠሩ። ባላቸው ጋሽ ጥላዬ በአርባ ዓመት ትዳር ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ደጃፉ ላይ ቆመው ነው የሚጣሩት።

አናጢው ክርክሩን ተወው። ግን አንጀቱ አልችል ብሎት፣ ከተረፈው ዋንዛ እትዬ አስካለ የሚቆሙባት ዝቅ ያለች መርገጫ ሠራና በርክክቡ ቀን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞላቸው መጣ።

እትዬ አስካለ ባላቸውን ጠሩ። ጋሽ ጥላዬ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ግባ እንጂ» አሉና እጃቸውን ይዘው ባንኮኒው ፊት አቆሟቸው። ቢላዋና ሽንኩርት አስጨበጧቸው። ቁመቱ ለረጅሙ ሰውዬ ልክክ አለ።

«ላንቺ ግን ከፍ አለ እኮ» አሉ ጋሽ ጥላዬ ቀስ ብለው።

«ሐኪሙ የቀረኝን ጊዜ ሲነግረን አብረን ሰማን አይደል? በል፣ መጀመሪያ ልጣጩን ነው።»

አናጢው መርገጫዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከበሩ ኋላ ሸሸጋት።