በሻሽ የተጠቀለለው መዳብ

ከዘመናት በፊት የነበረ አምላክ ሁሉን ያያል፤ ዓይናቸው የፈዘዘው ሰዓሊ ቄስ ግን “መነጽር ለሽማግሌ ነው” እያሉ ብዙ አያዩም ነበር።

ለደብሩ ክብረ በዓል የሳሉት የሕይወት ዛፍ ቅጠል ብቻ ቀርቶት ነበርና፣ “አረንጓዴውን እኔው አበቅለዋለሁ” ብለው በምእመናኑ ፊት ቃል ገቡ። የተሰበረ የመዳብ ጭልፋ እጀታ በሻሽ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ያዙ። ዕቃ ቤት ገብተውም ጥቅሉን አወጡና፣ ኮምጣጤ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ፈሳሹን ሳያስነኩ አንጠለጠሉት፤ አፉንም በጭቃ መረጉ።

“በአርባ ቀን ትነቱ መዳቡን በልቶ አረንጓዴ ጨው ያደርገዋል። ለቀለም ግሩም ነው፤ ለአፍ ግን መርዝ” አሉ።

የእጅ መስቀላቸውም የመዳብ ነው፤ እሱም በሻሽ ተጠቅልሎ በዚያው በደረት ኪሳቸው ይቀመጥ ነበር፤ በመሳለም ብዛት እንዳያልቅ ከነሻሹ ነበር የሚያሳልሙት።

አንድ ቀን እማሆይ ወለተ ሐና፣ “ምነው አባቴ፣ መስቀልዎ ግንባሬ ላይ ቀለለኝ?” አሏቸው።

“የቀለለው ኃጢአትዎ ነው፣ እማሆይ!” ብለው ሳቁ።

በአርባኛው ቀን በሕዝቡ ፊት ጭቃውን ሰበሩ። ጥቅሉ እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ቄሱ ደረታቸውን ነፍተው ሻሹን ቢገልጡ፣ መስቀላቸው ነበር።

እማሆይ ቀረብ አሉ። “ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሲያሳልሙኝ ኖረዋል?”

ቄሱ ከደረት ኪሳቸው ሌላውን ጥቅል አውጥተው ፈቱ። እጀታው ላይ የደረቀ ሽሮ እንዳለ ነበር።

“ኃጢአትዎስ አልቀለለም፣ እማሆይ” አሉ ቀስ ብለው፤ “የእኔ ነው የከበደው።”

ቅጠሉ ግን ለበዓሉ ደረሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ይባርክልህ፤ ጭልፋህ ከማጀትህ፣ መስቀልህ ከደረትህ አይለይ፤ አሜን።